ያልተተኮሰችው ጥይት

አባይነሽ ከሬሳው በፊት ያየችው ጠመንጃውን ነው። ጎረቤቷ ሰውአገኝ ከበጎቹ በረት አጠገብ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጋቢው ደረቱ ላይ በደም ርሶ ወድቋል፤ የእሷ ዓይን ግን ቀድሞ ያረፈው ከአጥሩ ሥር በተጣለው ሲሞኖቭ ጠመንጃ ማንገቻ ላይ ነበር። ማንገቻውን በቀይ ክር የሰፋችው እሷ ናት። ጠመንጃው የአንድ ልጇ የቢያዝን ነው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ኡኡ ማለት አልነበረም፤ ጠመንጃውን ቀሚሷ ውስጥ ሸሽጋ ገደል መጨመር ነበር። እጇን ዘርግታ መለሰችው። ጎህ ሲቀድ አንድ ተኩስ ሰምታ ወደ ልጇ መደብ ዞር ብላ ነበር። መደቡ ባዶ ነበር። በመጨረሻ ስትጮህ መንደሩ ለሟቹ የጮኸች መሰለው። እሷ ግን የጮኸችው ለልጇ ነበር።

ነገሩን ያመጣው ቀበሮ ነው። በዚያ ዓመት ከመካነ ብርሃን በላይ ባለው በዚህ መንደር ግልገል በየሌሊቱ እየጠፋ ሰዉ ተማረረ። ወረዳው ለመንጋ ጠባቂ አንድ ጠመንጃ ፈቀደ፤ ቀዩን ቀበሮ መንካት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ግን ተኳሹ ለይቶ የሚያይ፣ መሣሪያውም የማይስት መሆን ነበረበት። ምርጫውን እንዲመራ ሰውአገኝ ተሰየመ። እናም ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ወንዱ ሁሉ ሜዳው ላይ ቅል ደርድሮ ሲተኩስ ዋለ። ክላሹ ቅሉን ትቶ ተራራውን መታ። የአያ ባዬ ምንሽር አንድም አልሳተ፤ ነገር ግን በየተኩሱ ማቀባበያውን በእጅ መሳብ ስላለበት፣ ሰውአገኝ «አንዱን ቀበሮ ስትገድል ሁለተኛው ግልገሉን ይዞ ይሄዳል» አለ። የቢያዝን ሲሞኖቭ ግን ያነጣጠሩበትን ይመታል፤ ተኩሶ ሲያበቃ ራሱ ያቀባብላል። እሱ ተመረጠ።

ጠቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውአገኝ ጠመንጃው በረቱ አጠገብ፣ ከእሱ ቤት ይደር አለ። ቢያዝን ደሙ ፈላና በሰው ሁሉ ፊት «የእኔን ጠመንጃ የያዘ ሰው አይሰነብትም» ብሎ ሄደ። ወጣት የሚናገረው ነገር ነው። ሰውአገኝ በማግስቱ ባይሞት ኖሮ ማንም አያስታውሰውም ነበር።

የፖሊስ ማኪና ከደባርቅ ሲደርስ የሟቹ ወገኖች ጠመንጃቸውን ይዘው ከአባይነሽ ቤት በላይ ካለው ጉብታ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ደጇን ያዩታል።

ከማኪናው የወረደችው ኢንስፔክተር ፅዮን የጎንደር ከተማ ልጅ ናት፤ አጭር፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት። ሬሳውን ጎንበስ ብላ አየችው። ጋቢው በባሩድ ተለብልቧል። ዱላው በብብቱ ሥር እንደተያዘ ነው።

«በቅርብ ነው የተተኮሰው» አለች ለራሷ ያህል። «ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ ዱላውን እንኳ ሳያነሳ ነው የሞተው። ገዳዩን አልፈራውም።»

ከሬሳው አጠገብ የተተኮሰውን ቀለህ አነሳች። ከዚያ ዓይኗ ጓሳ ሣሩ ላይ ቀረ። በስተቀኝ ያለው ሣር፣ የሚፈልገው ነገር የጠፋው ሰው እንዳመሰው፣ ተረጋግጦ ተኝቷል። ተንበርክካ የድንጋይ አጥሩን ስንጥቅ በጣቷ ጎረጎረች፤ አንዲት ቢጫ ነገር አውጥታ ለማንም ሳታሳይ ኪሷ ከተተች። አባይነሽ አየቻት። ምን እንደሆነ ባታውቅም ልጇን የሚያሳስር ነገር መሰላት።

ፅዮን በበጎቹ መካከል ስታልፍ አንዲት ቡራቡሬ ግልገል ስታነክስ አይታ አቀፈቻት። አራቱንም እግሯን አገላብጣ ተመለከተች። አብረዋት ከመጡት ሁለት ፖሊሶች አንዱን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው፤ እሱም ወደ ቤቶቹ ወረደ።

ከዚያ ከአባይነሽ ደጃፍ መጣች።

«ልጅዎ ጎህ ሲቀድ የት ነበር?»

«ቤት። ተኝቶ።»

ፅዮን ከበሩ ሥር የተቀመጠውን የቢያዝንን ኮንጎ ጫማ አነሳች። ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ የጓሳ ፍሬ ተጣብቆበታል።

«እናቴ፣ የተኛ ሰው ጫማ ጤዛ አይነካውም። እነዚያን ሰዎች ያዩዋቸዋል?» አለች ወደ ጉብታው በአገጯ እየጠቆመች። «ልጅዎን አሁን ማኪና ላይ ባወጣው ፖሊስ ፈረደበት ይላሉ፤ ከቀብር መልስ ይህ ቤት አይተርፍም። ትቼው ብሄድ ደግሞ እስከ ማታም አይቆይ። ነገሩን ዛሬ፣ እዚሁ መጨረስ አለብኝ። በውሸት ላይ ቆሜ ደግሞ አልጨርሰውም።»

«መደቡ ባዶ ነበር» አለች አባይነሽ በመጨረሻ። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ልጇን በገዛ ምላሷ የገደለችው መሰላት።

ፅዮን ልጁን ከቤት አስጠርታ ጠየቀችው። ቢያዝን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መለሰ። «ጠመንጃዬን ልቀበል ነው የወጣሁ። ከመንገድ ተኩሱን ስሰማ ፈራሁና ተመለስሁ።»

«ምነው ሰው አልጠራህም?»

«ያን የተናገርሁትን ሁሉም ሰምቷል። ማን ያምነኛል?» እናቱ እንኳ እንዳላመነችው ያውቅ ነበር፤ ወደ እሷ አላየም።

አያ ባዬ ደግሞ ከደጃቸው ጉልበታቸውን በቅቤ ሲያሹ ተገኙ። የመንደሩ አንደኛ ተኳሽ ናቸው፤ ምንሽራቸው ሳይመረጥ መቅረቱ እንደቆረቆራቸው አልደበቁም።

«ሲሞኖቭ ሸጋ ነው ልጄ፤ ለእኛ እጅ ግን አይሆንም። ትናንት በሙከራው እኔም አምሐም ተኮስንና እንደ ምንሽር ማቀባበያውን ሳብነው። ለካ እሱ ራሱ አጉርሶ ኖሯል፤ ያልተተኮሰው ጥይት ዘሎ ወጣ። ሰዉ ሳቀብን። ሰውአገኝማ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀ።»

«አምሐ ማለት የሟቹ ወንድም?»

«ታናሹ። ከልጅነቱ ምንሽር ነው የተኮሰው። እኔው ነኝ ያስተማርሁት።»

«ዛሬ ማለዳስ የት ነበሩ?»

«በዚህ ጉልበት ወዴት እሄዳለሁ? ከደጄም አልወጣሁ።»

አምሐ ከእናቱ ከወለተ ሚካኤል ጎን ምንሽሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ወለተ ሚካኤል ማቅ ለብሰዋል፤ ዓይናቸው ደርቋል። «የልጄ ደም ሳይመለስ ይህን ማቅ አላወልቅም» አሉ። አባይነሽ ከአጥሩ ውጭ ሆና ሰማች። ለረጅም ዘመን እሳት የተዋዋሰቻቸው፣ በምጧ ጊዜ ወገቧን የያዙላት ሴት ናቸው። እንደዚያ ቀን ሰው ፈርታ አታውቅም።

«ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?» አለች ፅዮን።

«ተኝቼ። ምነው ወደ እኔ መጣችሁ?» አለ አምሐ። «ገዳዩን እኮ አገር ያውቀዋል። ፍርድ ካላችሁ ፍረዱ፤ ከሌላችሁ እኔ አለሁ።»

ቀትር ላይ ፅዮን መንደሩን ሁሉ ሜዳው ላይ ሰበሰበች። የመጡት ሁሉ ጠመንጃቸውን ከፖሊሶቹ እግር ሥር እንዲያኖሩ ተደረገ። ገዳዩ የተጠቀመበት ሲሞኖቭ በጨርቅ ተጠቅልሎ ማኪናው ውስጥ ተቆልፎበታል፤ እሷ አብረው ከመጡት ሚሊሻዎች የአንዱን ሲሞኖቭ ተውሳ ያዘች።

«ለሟች መተኮስ የእናንተ ደንብ ነው» አለች። «ቢያዝን፣ አያ ባዬ፣ አምሐ። አንድ አንድ ጊዜ ወደ ቅሉ ተኩሱ።»

ሰዉ ተያየ። ነገሩ ግራ ቢሆንም ለሟች አልተኩስም የሚል ወንድ የለም። አባይነሽ ነጠላዋን ነክሳ ቆመች። ልጇ ያን ቅል ከመታ አነጣጥሮ መግደል መቻሉን በሰው ፊት ማስመስከሩ ይሆናል፤ ከሳተ ደግሞ ሆን ብሎ ሳተ ይሉታል።

ቢያዝን ተኮሰ። ቅሉ ተሰነጠቀ። ጣቱን ከምላጩ አንስቶ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ መለሰ። አያ ባዬ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው ተኮሱ፤ ጭሱ ሳይበተን ቀኝ እጃቸው በገዛ ሥልጣኑ ሄዶ ማቀባበያውን ሳበው። ያልተተኮሰች ጥይት ዘላ ሣሩ ላይ ወደቀች። «አይ እጄ» አሉ አፍረው። አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

አምሐ ተኮሰ። ቀኝ እጁ ጥቂት ተነቃነቀ። ከዚያ ሰደፉን ጨምድዶ ያዘና እንደ ድንጋይ ቆመ። ግንባሩ በብርድ አየር ላብ አቸፍችፏል። ጠመንጃውን ሲመልስ ወደ ማንም አላየም።

ፅዮን ከኪሷ ቢጫዋን ነገር አውጥታ በመዳፏ ላይ አኖረች። ያልተተኮሰች ጥይት ናት።

«ይህችን ያገኘሁት ከሬሳው በስተቀኝ፣ ከአጥሩ ስንጥቅ ነው» አለች። «ሲሞኖቭ ሲተኮስ የሚጥለው ባዶ ቀለህ ነው። ሙሉ ጥይት የሚወድቀው ሰው ማቀባበያውን ያለ ነገር ሲስበው ብቻ ነው። ቢያዝን በዚህ ጠመንጃ ያደገ ልጅ ነው፤ ይህን አያደርግም። የሚያደርገው ዕድሜውን በምንሽር የተኮሰ ሰው ነው። ገዳዩ ከተኮሰ በኋላ እጁ ከልቡ ቀደመው፤ ጥይቷም ዘለለች። ስህተቱን ስላወቀ ሣሩን አምሶ ፈለጋት። አጥሩ ውስጥ ገብታ አጣት።»

«እንግዲያ እኔም አለሁበት» አሉ አያ ባዬ።

«ይኖሩበት ነበር አያ። ግን ጥይቷን እንዳገኘኋት ለማንም አልተናገርሁም። እርስዎ ምንም ስላልደበቁ እጅዎ የለመደውን አደረገ። አምሐ ግን በትናንቱ ሙከራ ማቀባበያውን ስቦ ነበር፤ ዛሬ እጁን በግድ ያዘው። ምን እንደምፈልግ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከእኔና ከገዳዩ በቀር።»

«ስለተሳቀብኝ ነው የተጠነቀቅሁ» አለ አምሐ። ድምፁ ቀጥኗል።

ፅዮን ቡራቡሬዋን ግልገል አስመጣች። «አራቱም እግሯ በገመድ ተልጧል፤ ዛሬ ማለዳ ያሰራት ሰው ሲሸሽ ፈቷት ሄዷል። ቀበሮ ቢወስዳት ደምና ጠጉር ትቶ ይሄዳል እንጂ አስሮ አይሸከምም። ግልገሎቻችሁን የፈጀው ቀበሮ አልነበረም። ዛሬ ማለዳ ሰውአገኝ አድፍጦ ሲጠብቅ ሌባው መጣ፤ ሲያየው ወንድሙ ሆነ። ወንድም ስለሆነም ጠመንጃውን አስደግፎ ቀረበው። ፖሊሱ በእጁ የያዘው ይህ ገመድ ጠዋት ከአምሐ ቤት ጓሮ ነው የተገኘው፤ የዚችው ግልገል ጠጉር አለበት። አያ ባዬ በዚያ ጉልበታቸው ግልገል ተሸክመው ዳገት አይወጡም።»

አምሐ ፊቱን ወደ ወለተ ሚካኤል አዞረ።

«ለካ አንተ ነህ አለኝ፣ እማዬ። አልተቆጣኝም። ለእናታችን እነግራለሁ ነው ያለኝ። እንዳትነግራት ብዬ ለመንሁት። ጠመንጃው አጠገቤ ነበር።»

ፖሊሶቹ አምሐን ይዘው ወደ ማኪናው ሄዱ። ማለዳ ከጉብታው ላይ የነበሩት ወንዶች እርስ በርስ ተያዩ፤ ደም ሊመልሱ ነበር የተቀመጡት፣ ደሙ ግን ከዚያው ከአንድ ማጀት ሆነ። አንድ በአንድ ጠመንጃቸውን አንስተው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

አባይነሽ የልጇን እጅ ጨብጣ ቆማለች። ደስታው እንደ ውኃ ፈሰሰባት፤ ወዲያው ደግሞ አፈረችበት። «ይቅር በለኝ» አለችው። ቢያዝን እጁን አልነጠቃትም።

ወለተ ሚካኤል መሬት ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። የሚያጽናናቸው ሰው ምን ብሎ እንደሚቀርብ ጠፍቶት ሁሉም ርቆ ቆሟል። አባይነሽ የልጇን እጅ ለቀቀችና ሄደች። ቀኑን ሙሉ ከፈራቻቸው ሴት ጎን ተቀመጠች።

«አባይነሽ» አሉ ወለተ ሚካኤል የማቃቸውን ጫፍ ይዘው። «ይህን እንግዲህ ማን ያወልቅልኛል?»

አባይነሽ ጠጋ ብላ፣ በምጧ ጊዜ እሳቸው እንዳደረጉላት፣ ወገባቸውን ያዘች።