ከባቡሩ ፊት የሸሸው ውሻ

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዎችና ሁለት ውሾች ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ተነስተው ወደ አዋሽ መንገድ ጀመሩ። ከአራቱ አንዱ ሞት የተፈረደበት ነበር። ዘመኑ 1943 ዓ.ም.፣ ወሩ ነሐሴ ነው፤ መሬቱ ሁሉ ዋልካ ጭቃ ሆኖ እግር የሚነቀለው በግድ ነው።

ፍርደኛው ቡላ ነው። ከአባቱ ከጀርመኑ ውሻ ሰፊ ደረትና የቆመ ጆሮ፣ ከእናቱ ከገላን ገበሬ ውሻ ደግሞ አቧራማ ቀለምና ቀጫጭን እግር የወረሰ የሁለት ዓመት ክልስ ነው። ፈራጁ ምንሽር ጠመንጃቸውን አንግተው ከፊት የሚራመዱት አቶ አምባው ናቸው፤ የጣቢያው የጥበቃ አለቃ፣ ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ከአቃቂ እስከ ሞጆ ስለ ውሻ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ እንደሌለ አጥብቀው የሚያምኑ ሰው። የቡላን ገመድ ይዞ የሚከተላቸው ሮሪሳ ይባላል። ሥራው ሐዲዱን በእግሩ እየተከተለ የላላ ብሎን ማጥበቅ ነው። የቡላ እናት ስትሞት ቡላን በላም ወተት ያሳደገው እሱ ነው።

አቶ አምባው ውሻ የሚመርጡበት ዘዴ በአቃቂ የታወቀ ነው። የጭነት ባቡሩ ከታች ሲመጣ አዲሶቹን ውሾች ከሐዲዱ ሦስት እርምጃ ርቀው በሰንሰለት ያስሯቸዋል። ነጂው ወዳጃቸው ስለሆነ እዚያ ሲደርስ ፉጨቱን ይለቀዋል፤ እንፋሎቱንም በጎን ይተፋዋል። ቆሞ የጮኸ ውሻ ደፋር ነው፤ ለጥበቃ ይቀራል። ወደ ኋላ ያለ ፈሪ ነው፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ይወሰድና ይተኮስበታል። «ፈሪ ውሻ ዘር ያበላሻል» ይላሉ አቶ አምባው። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። እርግጠኛ ነበሩ፤ ስምንት ዓመት ሙሉም የተሟገታቸው የለም።

እሁድ ዕለት ቡላ ወደ ኋላ አለ። ሰንሰለቱ እስኪወጠር ሸሽቶ አንድ ድምፅ ሳያሰማ መሬት ላይ ተለጠፈ። ከጎኑ የታሰረው ሻምበል ግን ባቡሩን ካልነከስኩ ብሎ ሲዘል ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። ሻምበል ንጹሕ የጀርመን ዘር ነው፤ የአቶ አምባው ዓይን ማረፊያ። የተወለደው በቆመ ፉርጎ ሥር ስለሆነ ፉጨት የሰማው ዓይኑን ከመግለጡ በፊት ነው። ይህን በጣቢያው የማያውቅ አልነበረም፤ ከፍርዱ ጋር ያገናኘው ሰው ግን አልተገኘም።

ሮሪሳ ሰኞ ጠዋት አቶ አምባው ደጃፍ ድረስ ሄዶ ለመናቸው።

«ጋሼ፣ ለአክስቴ ለዳሲቱ ልስጠው። አዋሽ ዳር ከብት ታረባለች። ውሻዋን ነብር ከበላባት ወዲህ ጥጃዎቿ እየተለቀሙ ነው።»

«ፈሪ ውሻ ሰጥቼ ሴትዮዋን ላስፈጅ? ነገ የአምባው ውሻ ነው ጉድ የሠራን ይባላል።»

«እንግዲያው አብረን ወስደን እርስዎ መንገድ ላይ ይዩት። ባቡር የሌለበት ቦታ ይዩት። ከፈራ እዚያው ይተኩሱበት፤ እኔ አንድ ቃል አልተነፍስም።»

«ባቡር የሌለበት ቦታ» የምትለዋ ነገር አቶ አምባውን ቆነጠጠቻቸው። የአራት ቀን ፈቃድ ጠየቁ። ለሮሪሳ ልዩነቱን ሊያሳዩትም ሻምበልን አስከተሉ።

የአባ ሳሙኤልን ግድብና ሐይቅ አልፈው ወደ ሸለቆው ሲወርዱ ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋሱ ግራሮቹን አጎነበሰ፤ ቀጥሎ በረዶ ወረደ። እንደ ሽምብራ ጀምሮ እንደ እንቁላል ሆነ። ሁለቱ ሰዎች እየተንደረደሩ ወደ ገደሉ ጥግ ሮጡና በአንድ ቋጥኝ ሥር ተሸጎጡ። መብረቅ ከማዶ ያለውን ዛፍ ሰንጥቆ ሲጥል ቡላ በሮሪሳ ጋቢ ውስጥ ገባ። ጭራው በሆዱ ሥር ታጥፎ፣ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማል። ሻምበል ውጭ ቆሞ በረዶው ጀርባውን እየደበደበው ሰማዩ ላይ ይጮሃል።

አቶ አምባው ምንሽራቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«አየህ አይደለም? አውጣው ከጋቢው።»

ሮሪሳ አላወጣውም። ውሻውን በሁለት እጁ አቅፎ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ነጎድጓድ ጥጃ አይበላም።»

«ቃልህ የታለ?»

«ቃሌማ አለ። ግን እኔም እርስዎም ድንጋይ ሥር ነን። ከኛ መሀል ውጭ የቆመው ሻምበል ብቻ ነው፤ እሱም ምን እንዳተረፈ አላውቅም።»

አቶ አምባው ሻምበልን አዩት። ጆሮው ላይ ተፈንክቶ ደም ይወርደዋል፤ አሁንም ይጮሃል። ሊቆጡ አስበው ሳቃቸው መጣ። «ለጊዜው ይቆይ» ብለው ጠመንጃውን መለሱ። ሮሪሳ ግን አልሳቀም፤ ውሻው በእርግጥ እንደሚፈራ እሱም በዓይኑ አይቷል።

ሌሊቱን አንድ ገበሬ ቤት አድረው ረቡዕ ማለዳ የገደሉን አፋፍ ይዘው ቀጠሉ። ውሃው ከታች ያገሳል። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል የዝንጀሮ መንጋ ከአፋፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ አገኙት። ሻምበል አላመነታም። አቶ አምባው «ተመለስ! ሻምበል! ተመለስ!» እያሉ ሲጮሁ እሱ ገደሉን ቁልቁል ተወርውሮ መንጋው መሀል ገባ። ባለ ጎፈሬው አውራ ዝንጀሮ እንደማይሸሽ የነገረው አልነበረም። ጩኸትና ፀጉር ተደባለቀ፤ ወዲያው መንጋው ተበትኖ ወደ ላይ ሲወጣ ሻምበል ጭኑ ተዘንጥሎ ድንጋዩ ላይ ቀረ።

አቶ አምባው ሮሪሳን ሳይጠብቁ ወረዱ። ያ ውሻ ከልጅ የማይተናነስ ነገራቸው ነው። ግማሽ መንገድ ላይ እርጥቡ ድንጋይ ከዳቸው። ተንሸራተው ሲወድቁ ቁርጭምጭሚታቸው ተጠመዘዘ፤ ምንሽሩም እየተንቋቋ ወደ ታች ሄደ። እየተጎተቱ ሻምበል አጠገብ ደርሰው ጥምጣማቸውን ለቁስሉ ሲቀድዱ፣ ከላይ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ነብር ነው። ዝንጀሮ ላይ ሲያደባ ቆይቶ የደም ሽታ ወደ ሌላ ምሳ የጠራው ነብር።

ሮሪሳ ከአፋፉ ላይ አየው። የቡላ ገመድ ከእጁ ሲመነጨቅም ተሰማው።

ቡላ ድንጋይ ከድንጋይ እየዘለለ ወርዶ በነብሩና በሽማግሌው መሀል ቆመ። ነብሩ ጥርሱን አሳየ። ቡላ ወደ ኋላ አለ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ፀጉሩ ከአንገቱ እስከ ጭራው ቆሟል፤ ድምፅ ግን የለም።

«ሂድ ወዲያ፣ አንተ ፈሪ!» አሉ አቶ አምባው። መሸሹ መስሏቸዋል።

ቂጡ የአቶ አምባውን ጉልበት ሲነካ ውሻው ቆመ። ከዚያ ወዲያ አልሄደም። ነብሩ በቀኝ ሲዞር ቡላ በቀኝ ዞረ፤ በግራ ሲሞክር በግራ ጠበቀው፤ ከጉልበታቸው ግን አንድ ክንድ አልራቀም። ሰውነቱ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ ወደ አቶ አምባው እግር ሲተላለፍ ሰውየው ሁሉ ነገር ገባቸው። ይህ ውሻ ይፈራል። እየፈራ ነው የቆመው።

ነብሩ ሊዘል ጎንበስ አለ። ቡላ አልጮኸም፤ ከጉሮሮው የወጣው ዝቅ ያለ ድምፅ እንኳን ነብሩን አቶ አምባውንም አስደነገጣቸው። በዚያው ቅጽበት ሮሪሳ ዞሮ ወርዶ ድንጋይ እየወረወረ፣ እየጮኸ ደረሰ። ነብሩ አንዴ ሁሉንም ተራ በተራ አያቸውና፣ ለዚህ ሁሉ ጣጣ ምሳው አይበቃም ያለ ይመስል ወደ ቁጥቋጦው ተመለሰ።

ሮሪሳ በጉልበቱ ተንበርክኮ የቡላን አንገት አቀፈ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«አዩት ጋሼ?»

አቶ አምባው የሻምበልን ጭን በጥምጣማቸው ማሰር ጀመሩ። ስምንት ዓመት የፈረደ ሰው በአንድ ጠዋት አይረታም።

«ነብሩ ጠግቦ ይሆናል» አሉ። «በል ጠመንጃዬን ፈልግልኝ። አዋሽ ስንደርስ እናያለን።»

ከዚያ በኋላ ጉዞው ስቃይ ሆነ። አቶ አምባው በዱላ ያነክሳሉ። ሮሪሳ ሻምበልን እንደ በግ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ጭቃውን ያቦካል። ቡላ ያለ ገመድ፣ ከሁለቱ መሀል ይሄዳል፤ አቶ አምባው ወደ ኋላ ሲቀሩ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። እሳቸው አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአዋሽ ሜዳ ታየ፤ የዳሲቱ ጩኸትም ከመታየቷ በፊት ተሰማ። አንዲት ጠንካራ ሴት ቀሚሷን አሸርጣ፣ ዱላ ይዛ በሜዳው ላይ ትሮጣለች። ከፊቷ ሦስት ሰዎች አሥራ አራት ከብቶቿን ወደ ወንዙ መሻገሪያ እየነዱ ነው። ከሦስቱ አንዱ ጦር ይዟል። ከብቶቹ ማዶ ከተሻገሩ ቁጥቋጦው ይውጣቸዋል፤ ዳሲቱ ያላት ደግሞ እነሱ ብቻ ናቸው።

አቶ አምባው ምንሽሩን አነጣጠሩና መልሰው አወረዱ። ሴትዮዋም ከብቱም ሌባውም አንድ መስመር ላይ ናቸው። ሮሪሳ ሻምበልን አስቀምጦ ሮጠ። ቡላ ቀድሞት ሄዷል።

አቶ አምባው ውሻው ሌቦቹ ላይ ይወረወራል ብለው ጠብቀው ነበር፤ ሻምበል ቢሆን ያን ያደርግ ነበር፤ በጦሩም ያልቅ ነበር። ቡላ ሰዎቹን በሩቁ ዞሮ አለፋቸውና ውሃው ጫፍ ላይ መሪዋን ላም ከፊት ጠበቃት። አፍንጫዋን ነክሶ ለቀቃት። ላሟ ተመለሰች፤ ከብቱ ሁሉ ተከትሏት ተመለሰ። አንዱ ሌባ በዱላ ወገቡን ሲለው ቡላ እየጮኸ ሸሸ፤ ዞሮ ግን በሌላ በኩል መጣና ላሟን መለሳት። ባለ ጦሩ ወጋው፤ ጦሩ ትከሻውን ጫረው። አሁንም ሸሸ፤ አሁንም መጣ።

ዳሲቱ ከመስመሩ ስትወጣ አቶ አምባው ወደ ሰማይ ተኮሱ። ጥይቱ ሲያስተጋባ ቡላ ልክ በጣቢያው እንዳደረገው መሬት ላይ ተለጠፈ። ውሻው እየተንቀጠቀጠ ተነሳ፤ ጥይቱ የመጣበትን አቅጣጫ አላየም፤ ላሟን ተከትሎ ሮጠ።

ሌቦቹ ሁለተኛውን ጥይት አልጠበቁም። ባዶ እጃቸውን ማዶ ተሻገሩ። አንድ ጥጃ ብቻ ውሃ ወሰደው።

ዳሲቱ ለእንግዶቹ ወተት አቅርባ የቡላን ትከሻ በቅቤ እያሸች ጠየቀች፤

«ጌታው፣ የውሻ ፈራጅ ነዎት ይሉኛል። ይኼ ምን ዓይነት ነው ይላሉ?»

«ፈሪ ነው» አሉ አቶ አምባው። ሮሪሳ ደነገጠ። «ፈሪ ነው፤ ግን ሥራ አለኝ ይላል። እንዲህ ያለ ውሻ አይቼ አላውቅም። አይቼም ከሆነ አላወቅኩትም።»

ሐሙስን አርፈው ዓርብ ማለዳ ሲነሱ ዳሲቱ ለአቶ አምባው በቅሎ አዋሰች፤ ሻምበልንም ከፊታቸው አስቀመጡት። ሮሪሳ ቡላን ተሰናብቶ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ከሄደ በኋላ አልቻለም፤ ዞሮ አፏጨለት። ቡላ እየበረረ መጣ። እጁን ላሰው፣ ደረቱ ላይ ወጣ። አንዲት ጥጃ ከመንጋው ተነጥላ ወደ ወንዙ ስትሄድ ግን ጆሮው ቆመ። ሮሪሳን አየ፤ ጥጃዋን አየ፤ ወደ ጥጃዋ ሄደ። ሮሪሳ ሁለተኛ አላፏጨም። እሱ ነፍሱን ያተረፈለት ውሻ ከእንግዲህ የሱ አልነበረም፤ ይህም እስከ አባ ሳሙኤል ድረስ አንጀቱን በላው።

በቅሎዋ የግድቡን ዳገት ስትጨርስ አቶ አምባው ልጓሙን ያዙ።

«አሥራ ዘጠኝ ናቸው» አሉ።

«ምኖቹ ጋሼ?»

«ከመጋዘኑ ጀርባ ያሉት።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ሲያለቅሱ ሮሪሳ የበቅሎዋን ልጓም ተቀብሎ፣ እንዳያፍሩ ብሎ ወደ ኋላ ሳያይ ወደ አቃቂ ይስባት ጀመር።