ለሙከራ የተጠራ ስም

የእድሩ አዳራሽ ከስንዱ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ከሰዓት በኋላ፣ የምሳውን ዕቃ አጣጥባ ባሏን ጋደም ካደረገች በኋላ፣ በጓሮ ዞራ በሩን ትከፍታለች፤ የታጠፈ የድንኳን ሸራ፣ ያልደረቀ ብረት ድስትና የአይጥ ሽታ ተቀላቅሎ ይቀበላታል፤ በአግዳሚ ወንበሮቹ መሃል አልፋ ጥጉ ላይ በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነው ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለች። የእድሩ ጸሐፊ ናት። አሰላ ውስጥ በዚያ ሰፈር ጡሩንባ መንፋት ከቀረ ወዲህ፣ የሰው ሞት የሚነገረው በዚህ ኮምፒውተርና ጣሪያው ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ነው።

ፕሮግራሙን የሠራው የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ ናሆም ነው። ጎበዝ ነው ይባላል፤ ስንዱን ከጠየቃችኋት ግን ፕሮግራሙን የሠራው ለሰው አይመስላትም። ድምፅ መቀነሻው አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ፕሮግራሙ ውስጥ፣ ሌላው አምፕሊፋየሩ ላይ ነው፤ የትኛው የትኛውን እንደሚያዝ ናሆም ራሱ አያውቅም። ፊደሎቹ ጉንዳን ያካክላሉ። መስኮቱ ከስክሪኑ ስለሚበልጥ የታችኛው ክፍል አይታይም፤ እዚያ ምን እንዳለ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። የሚናገረው ድምፅ ደግሞ የጋሽ ቢራቱ ነው። የድሮው ጡሩንባ ነፊ ከማረፋቸው በፊት የአባላቱን ስም ሁሉ አንድ በአንድ እየጠሩ አስቀርጸው ስለነበር፣ አሁን ሟቹ ሰውዬ ሟቾቹን ይጠራሉ። ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው "የተከበራችሁ የእድራችን አባላት" ብለው ሲጀምሩ ሰፈሩ ሁሉ ባለበት ቀጥ ይላል።

ባለፈው ለቅሶ ድምፁ ተንጫጭቶ ማን እንደሞተ ሳይሰማ ቀረና ግማሹ ሰው ቀብር አመለጠው። ሊቀመንበሩ አቶ ኃይለኢየሱስ ተቆጡ። "አስቀድመሽ ሞክሪው እንጂ ስንዱ! ሰው እስኪሞት ትጠብቂያለሽ እንዴ?"

መሞከሩ ግን ቀላል አልነበረም። ፕሮግራሙ ስም ካልተመረጠለት ንቅንቅ አይልም። የሞቱትን ስም ናሆም አጥፍቶታል፤ በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ ስሙን ለዚህ ነገር አይሰጥም። አቶ ኃይለኢየሱስን ራሳቸውን ደውላ ብትጠይቃቸው "ሟርትሽን እዚያው ለራስሽ!" ብለው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጉት። የእሷ ስም ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም፤ አባል የሚሆነው አባወራው ነው። ስለዚህ በሰው ቤት ሟርት ከማስገባት ይሻላል ብላ የባሏን የአስናቀን ስም መረጠች። እንዳይሰማ ድምፁን በየቦታው እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገችው። ናሆም እንደነገራት፣ ስክሪኑ ላይ ከፍ ዝቅ የሚሉት አረንጓዴ መስመሮች ወደ ቀይ ካልተለወጡ ድምፁ ደህና ነው። አልተለወጡም። "ተልኳል" የሚል ሳጥን መጣ፤ ከሥሩ "እሺ" ከሚለው በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እሺ አለችው።

አስናቀ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ልቡን ታሞ ሥራ ካቆመ ወዲህ እግሩ እንጂ አፉ አልደከመም፤ ከሬዲዮው ጋር ይከራከራል፣ በመስኮት አላፊ አግዳሚውን ይለክፋል፣ እሷንም ሌት ተቀን ያስቃታል። ሐኪሙ እየተሻለው ነው ብሏል። ስንዱ ከዚያ ድምፅ በቀር በዚህ ዓለም ምን አላት? ወደ ቤት ስትገባ ከአልጋው ቀና ብሎ ጠበቃት።

"ስንዱዬ፣ ጋሽ ቢራቱ ምን ሆነው ነው የሚጠሩኝ?"

ስንዱ ወደ አዳራሹ ግድግዳ ዞር አለች።

"ተኝቼ ነው መሰለኝ" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከወትሮው ዝግ ያለ ነበር፤ ደክሞት ነው ብላ ብርድ ልብሱን አስተካከለችለት።

በማግስቱ እሱን ለመስማት ሬዲዮውን መቀነስ ነበረባት። ከዚያ ሬዲዮውን ማጥፋት፣ ከዚያ መስኮቱን መዝጋት፣ ከዚያ ጆሮዋን አፉ ሥር መደቀን። እሱ እንደ ድሮው እጁን እያወራጨ፣ የአንገቱ ሥር እየተገታተረ ነበር የሚናገረው፤ የሚወጣው ግን በግድግዳ ማዶ የሚያወራ ሰው ድምፅ ያህል ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ጉሮሮው ንጹሕ ነው፣ ሳንባውም ንጹሕ ነው ተባለ። አንድ ቀን ጠዋት አስናቀ አፉን ከፍቶ ረጅም ነገር ነገራት፤ ከንፈሩ ሲላተም እንኳ አልተሰማም። ማልቀስ አልቻለችም። የገዛ ልቅሶዋ ድምፅ አስፈራት።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹን ከፍታ የጥልፍ ጨርቁን ስታነሳ፣ አረንጓዴዎቹ መስመሮች በጸጥታው ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ድምፁ አሁንም እስከ መጨረሻው ዝቅ እንዳለ ነው፤ አንዳች ነገር አይሰማም። ቆይታ ስታያቸው ግን አካሄዳቸውን ለየችው። አንድ አጭር፤ ጋሽ ቢራቱ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ነው። ከዚያ ረጅሙ፣ "የተከበራችሁ" የሚሉት። ከዚያ የባሏ ስም። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። በዝምታ ሲጠሩት ነው የሰነበቱት።

ልትዘጋው ሞከረች። ሳጥን መጣ። "ማስታወቂያውን ላለማቋረጥ እርግጠኛ አይደሉም?" ይላል፤ ከሥሩ "አዎ" እና "አይደለም"። አዎ አለች፤ ያው ሳጥን ተመልሶ መጣ። አይደለም አለች፤ ያው መጣ። አዳማ ላለው ለናሆም ደወለች።

"እትዬ ስንዱ፣ አይጨነቁ፤ ከታች መደጋገሚያ አለ፣ እሱን ያጥፉት።"

"የታችኛው አይታየኝም እኮ፣ ናሆምዬ!"

"እንዴ? እኔ ጋ ይታያል" አለ ናሆም።

የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀለችው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩንና አምፕሊፋየሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ዩፒኤስ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ፤ መስመሮቹ እያነሱ መጡ። በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ማዶ አስናቀ ግድግዳውን ይደበድብ ጀመር፤ መጀመሪያ በኃይል፣ ከዚያ ክንዱ እንደከዳው ሰው እየላላ። ገመዱን መልሳ ሰካችው። ድብደባው ቆመ፤ ጥሪው ከተቋረጠ ነፍሱም እንደምትቋረጥ ገባት።

ያኔ ነው ድምፅ መቀነሻውን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ብቻ ወደ ላይ የገፋችው። ጣሪያው ላይ የጋሽ ቢራቱ ድምፅ እንደ ትንኝ ተሰማ። ከግድግዳው ማዶም "ስንዱ! ኧረ ስንዱ!" አለ አስናቀ፣ በቀጭኑ፣ ግን በራሱ ድምፅ። ዝቅ አደረገችው፤ ጠፋ። ከፍ አደረገችው፤ መጣ። ከባሏ ሞት መነገርና ከባሏ ድምፅ አንዱን ብቻ ምረጪ ብትባል ምንኛ በቀለላት! አንድ ላይ ነው የተሰጣት። ዓይኗን ጨፍና እስከ ላይ ገፋችው።

"የእድራችን አባል አቶ አስናቀ" ሲሉ ጋሽ ቢራቱ፣ ሰፈሩ ተናወጠ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወይኔ አስኔ!" እያሉ ሲገቡ፣ አስናቀ በረንዳው ላይ ወንበሩን አውጥቶ ተቀምጧል። "ቁጭ በሉ፤ ገና አልሞትኩም!" አላቸው በዚያ ጎርናና ድምፁ። እልልታ ሆነ። ድንኳኑ አንዴ ወጥቷልና ጓሮው ውስጥ ተተከለ፤ ሰው እየሳቀ ከሥሩ ተቀመጠ። ድምፅ ማጉያው ግን ሞቱን መንገሩን አላቆመም። ጋሽ ቢራቱ ለትንፋሽ ባረፉ ቁጥር አስናቀ አፉን ቢያንቀሳቅስም ድምፁ ይጠፋል፤ ይህን የምታይ ስንዱ ብቻ ነበረች። አቶ ኃይለኢየሱስ ሽቦውን ልቁረጠው ብለው መሰላል ሲያነሱ በሩ ላይ ተደቀነችባቸው።

"ይጩህ! ተዉት ጋሼ፣ በእመቤቴ፣ ይጩህ!"

"አበድሽ እንዴ? የሰው ሟርት ፈርተሽ የገዛ ባልሽን ታስጠሪያለሽ?" አሉና መሰላሉን ወረወሩት።

አስናቀ የአዋሽን ቁልቁለት ያለ ፍሬን የወረደበትን ቀን እያወራ፣ ሰውም እየተንፈራፈረ ሲስቅ፣ የድንኳኑ አምፖል ብልጭ ብሎ ጠፋ። የሰፈሩ መብራት ሁሉ ሄደ። ከግድግዳው ወዲያ ዩፒኤሱ ጢጥ ማለት ሲጀምር ስንዱ የጎረቤቶቿን ጀነሬተር፣ የመብራት ኃይልን፣ ማርያምን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተማጸነች። ጢጥታው ቆመ። ጋሽ ቢራቱ ስሙን ጀምረው መሃል ላይ ቀሩ።

"እሰይ! ገላገለን!" አሉ አቶ ኃይለኢየሱስ ወደ ጣሪያው አንጋጠው፤ ሰው ሁሉ ወደዚያው አንጋጦ አጨበጨበ፤ ስንዱም ወደ አስናቀ ወንበር ማንም እንዳይዞር ብላ፣ ከሁሉም አስበልጣ አጨበጨበች።