ቀይ ነጥብ ያለባት አምፖል

ሐድጉ ፒያሳ ባለችው ጠባብ የጥገና ሱቁ ውስጥ፣ ከከፈተው የብየዳ ማሽን አጠገብ ሞቶ ተዘርሯል። ሬሳ አጠገብ እንዲህ መጮህ ነውር መሆኑን ለአርአያ የነገረው ሰው የለም።

«ማሽኑን የሰካችው እሷ ናት! ባሏን ገደለችው!» አለ የሟቹ ሸሪክ አርአያ፣ ጣቱን ዳናይት ላይ ቀስሮ።

«ለሙከራ ሰክቼ መልሼ ነቅዬለት ነበር» አለች ዳናይት። «ከነቀልኩ በኋላ እንደ ልማዱ የጠረጴዛዋን መፈተሻ አምፖል ሽቦዎች የማሽኑ ቦርድ ላይ አስነካ። አልበራችም። ‹ባዶ ነው› ብሎ እጁን ሲሰድ…»

ኢንስፔክተር ማራናታ ነገሩ ገባት። ማሽኑ ቢነቀልም የቦርዱ ካፓሲተር የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ጠጋኝ በአምፖል ያፈሰዋል፤ አምፖሉ ካልበራ ባዶ ነው ብሎ ያምናል።

የማሽኑ ባለቤት፣ በያጁ ገብረሕይወት፣ ሐዘን የሚባል ነገር ፊቱ ላይ አይታይም። «ደጋግመው ጠገኑት፣ ደጋግሞ ተቃጠለ። ሌቦች! ሐድጉ ትናንት ደውሎ ‹አዲሱን ዕቃ አውጥቶ አሮጌ የከተተብህን ሰው ነገ አሳይሃለሁ› አለኝ።»

«አንተስ?» አለችው አርአያን።

«ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እዚህ አልረገጥኩም። ተደውሎልኝ ነው የመጣሁት።»

ማራናታ እጇን ልትታጠብ ወደ መጸዳጃ ቤቱ አመራች። ዳናይት ስልኳን ዘረጋችላት። «በዚህ እያበሩ ይግቡ። አምፖሉ ከተቃጠለ ሰንብቷል።»

«አትቀባጥሪ! ይበራል፤ ማብሪያው ከበሩ ጀርባ ነው» አለ አርአያ።

እውነትም በራ። ማራናታ አምፖሉን በመሐረብ ፈትታ ወጣችና ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው። በአምፖሉ ቆርቆሮ ላይ፣ ሲፈታ ብቻ የምትታይ ቀይ ነጥብ አለች።

«የኔ የጥፍር ቀለም ናት!» አለች ዳናይት። «ዕቃ የሚለውጥበትን ሰው ለመያዝ ሐድጉ ደህና ደህናውን ዕቃ ሁሉ በድብቅ ምልክት አድርጎበታል። ይቺ የጠረጴዛው አምፖል ናት።»

ማራናታ የጠረጴዛውን አምፖል ፈታች። ነጥብ የለውም፤ ውስጡ ተበጥሷል።

«የተቃጠለው እዚህ መጣ፣ ደህናው እዚያ ሄደ። ሐድጉ አምፖሉ ስላልበራ ባዶ ነው ብሎ አመነ፣ ሞተ። ይህን የሚያስብ ጥገና የሚያውቅ ሰው ነው። ሚስቱ ጨለማ ነው ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ከትናንት ያልመጣኸው አርአያ፣ ዛሬ እንደሚበራ በምን አወቅህ?»

አርአያ ወደ በሩ አፈገፈገ። «ሌባ ብሎ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ። ገብረሕይወት ሊያንቀው ሲዘል ፖሊሶች ያዙት።

ዳናይት ማራናታን ቀና ብላ አየቻት። «እኔ ስለሰካሁት አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም።»

«‹ሌባውን ይህ ቀለም ይይዘዋል› ሲለኝ ስቄበት ነበር» አለችና ባሏ አጠገብ ተቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።