የጋሽ ደሜ ኩባያ

መዝገቡ የሞተው በራሱ ሶፋ ላይ አይደለም፤ በጋሽ ደሜ ሶፋ ላይ ነው።

ጋሽ ደሜ የሚባል ሰው ግን ተወልዶም አያውቅም። «የጋራ ቧንቧ» በተሰኘው አስቂኝ ተከታታይ ድራማ መዝገቡ ለአሥራ አራት ዓመት እሑድ እሑድ ማታ የተጫወተው ገጸ ባሕርይ ነው። ሆኖም ወሬው ረፋዱ ላይ ከ18 ማዞሪያ ጀርባ ካለው የእህል መጋዘን ሾልኮ ሲወጣ «መዝገቡ ሞተ» ያለ ሰው አልነበረም። «ጋሽ ደሜ ሞቱ!» ነው የተባለው። የታክሲ ረዳቱ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» ማለቱን አቁሞ ራሱን ያዘ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላም ገዳይዋ ታወቀች፤ ሚስታቸው፣ ያቺ ምላሰኛዋ እትዬ ድንቅነሽ!

እትዬ ድንቅነሽም በዓለም ላይ የለችም። ያለችው እሷን ሆና የተጫወተችው ሰርኬ ናት፤ ባሏ ከሞተባት የቆየች የስድሳ ሁለት ዓመት ሴት። አሁን መጋዘኑ ጥግ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በሩ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ «አውጧት!» ሲል ትሰማለች።

ኢንስፔክተር ዋጋነሽ ለአምስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ደረሰች። በኮልፌ ድራማውን አንድም ቀን ያላየ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች፤ የእሑድ ማታ ተረኛ ሆና ነው ያረጀችው። ረዳቷ ሳጅን ማኑሄ ግን ድራማውን በቃሉ ይወጣዋል።

«መኪና ውስጥ ላስገባት?» አላት ገና እግሯ ሳይገባ።

«ማንን?»

«እትዬ ድንቅነሽን።»

«መታወቂያዋን አየኸው?»

«ማለቴ… ሰርኬን። ዛሬ ጠዋት ‹እገልሃለሁ› ስትለው ሦስት ሰው ሰምቷል። ደግሞ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ስትለው እኔ ራሴ ሰምቻለሁ።»

«አንተን ምስክር አላደርግህም፤ ትራስ ታቅፈህ ነው የሰማኸው።»

ስልኳ ጠራ። አለቃዋ ነበር። መንገዱ ተዘግቷል፣ ሕዝቡ በር ሊሰብር ነው፣ እስከ ስድስት ሰዓት ሴትዮዋን ይዘሽ ውጪ አላት። ዋጋነሽ ሰዓቷን አየች። ሰባ ደቂቃ ነበራት።

አዘጋጇ ናዝራዊት፣ ድራማው ካለቀ ከስድስት ዓመት በኋላ የቀድሞዎቹን ተዋንያን ለበዓል ልዩ ዝግጅት አገናኝታ፣ የጋሽ ደሜን ሳሎን መጋዘኑ ውስጥ እንደነበረ አቁማዋለች፤ ቡኒ ሶፋ፣ ጠረጴዛ፣ የካርቶን መስኮት። መዝገቡ ሶፋው ላይ ወደ ኋላ ተንጋሏል። የፖሊስ ሐኪሙ የዓይኑን ቆብ ገልጦ «ልብ አይደለም» አለ። «ብሌኑ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። የተባይ መርዝ ይመስለኛል፤ የጠጣውም ብዙ ነው።»

ዋጋነሽ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች። እስከ አፉ የተሞላ የሻይ ኩባያ። ጎኑን በመዳፏ ነካችው፤ ገና ለብ ያለ ነው። በኩባያው አንድ ጎን «ፏ በል ሳሙና» የሚል የስፖንሰር ጽሑፍ አለ፤ ጽሑፉ ሟቹንም ካሜራዎቹንም አይመለከትም። ፊቱን የሰጠው በበሩ በኩል ላለው ባዶ ግድግዳ ነው። የሟቹ ቦርሳ ተከፍቶ ውስጡ ተበርብሯል።

«ካሜራዎቹን ለምን በመስኮቱ በኩል ብቻ አቆምሽ?»

«በሩ ጋ የጄኔሬተሩ ገመድ ስላለ ነው» አለች ናዝራዊት። «ድሮ ግን አንድ ካሜራ ብቻ ነበር አሉ፤ እሱም በሩ ጋ።»

ቀረጻውን ከፈተችላት። መዝገቡ ሻዩን ጭልጥ አድርጎ ጨርሶ ኩባያውን ሲያስቀምጥ ይታያል። ከዚያ ወደ ካሜራው ቀና አለ፦ «ከእረፍት በኋላ የአንድ ሰው ስም እጠራለሁ። ሃያ ዓመት የዋጥኩትን ስም።» ወዲያው መብራት ጠፋ።

«ከዚያስ?»

«ሁሉም ወደ ግቢ ወጣ። እሱ ‹ጉልበቴን አመመኝ› ብሎ ቀረ። ጄኔሬተሩ ሃያ ደቂቃ አስለፋን። ስንመለስ…»

ዋጋነሽ ሰርኬ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ‹እገልሃለሁ› ብለውታል?»

«ብዬዋለሁ። ‹ዛሬም ካሜራ ፊት ከዋጥከው እገልሃለሁ› ነው ያልኩት።»

«ምኑን ነው የሚውጠው?»

ሰርኬ ወደ በሩ አየች። «እኔ ብናገረው ማን ያምነኛል ልጄ? ‹የድንቅነሽ ነገር› ብለው ይስቁብኛል። እሱ ቢናገረው ነበር የሚያምኑት። እሱ ደግሞ…» አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ቀጥሎ የጋሽ ደሜን ልጅ፣ ማሙሽን፣ ሆኖ ያደገው ኪዳን መጣ፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጺሙ ደረቱ ላይ ደርሷል።

«ሻዩን የቀዳሁት እኔ ነኝ» አለ ሳይጠየቅ። «ከአንድ ፔርሙዝ ለሁላችንም። ሁላችንም ጠጥተናል።»

«ስለዚህ መርዙ ፔርሙዙ ውስጥ ሳይሆን ኩባያው ውስጥ ነበር። ትወደው ነበር?»

«ጋሽ መዝገቡን እወደው ነበር። ጋሽ ደሜን ጠላሁት። ሠርጌ ላይ ቄሱ ራሳቸው ያንን የማሙሽን ቃል፣ ‹እስቲ አባዬ ቧንቧው ደረቀ በልልን› አሉኝ እኮ!»

«መብራት ሲጠፋ የት ነበርክ?»

ስልኩን አወጣ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ በግቢው ከሕዝብ ጋር የተነሳው ፎቶ፣ አርባ ሦስት። በአንዱም አልሳቀም።

የድራማው ደራሲና ዳይሬክተር ቀለመወርቅ ግን መነጽሩን እየጠረገ በተረጋጋ ድምፅ ተናገረ። የኪነ ጥበብ መምህር ነው፤ በሚቀጥለው ወር ለዕድሜ ልክ ሥራው ሽልማት ይሰጠዋል።

«ልቡ ነው። ስንት ዓመት ሲያስቸግረው የኖረ ልብ ነው። ሻዩን እንኳ ሳይቀምሰው…»

«እርስዎ በጨለማው የት ነበሩ?»

«ስልክ ላይ። ለጄኔሬተሩ ነዳጅ እያፈላለግሁ።»

«ኩባያውስ የማን ነው?»

«የድራማው ነው። እኔ ነኝ ከቤቴ ያመጣሁት፤ ስድስት ዓመት በቁም ሳጥን አስቀምጬው ነበር።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። በሩ መደብደብ ጀመረ። ማኑሄ ላቡን እየጠረገ ይንጎራደዳል። ዋጋነሽ ግን ናዝራዊትን «እስቲ አስቁኝ» አለቻት።

«ምን?»

«ድሮ ሲሳሳቱ የተቀረጸ የለም? ለዝግጅቱ አዘጋጅተሽ ይሆናል።»

ነበር። ዋጋነሽ የድራማውን አንድ ክፍል እንኳ ሳታይ ስህተቱን ብቻ አየች፤ መዝገቡ ቃል ሲጠፋበት፣ ሰርኬ ሳቅ ሲያፈናት፣ የስምንት ዓመቱ ኪዳን ሲተኛ። ማኑሄ ከኋላዋ ይስቃል። እሷ አልሳቀችም። እየደጋገመች ወደ ኋላ መለሰችው፤ ከዚያ ተነስታ ሬሳው ወደነበረበት ሶፋ ሄደች። መዝገቡን ከአፍታ በፊት በቃሬዛ አንስተውት ነበር። «ያልተነሳው ጉልበቱን አሞት ባይሆንስ?» ብላ የተቀመጠበትን ትራስ ገለጠችው። ከሥሩ ጠርዙ የተበላ የተማሪ ደብተር ወጣ።

አንድ ገጽ አንብባ በኮቷ ውስጥ ከተተችው።

«ሁሉም ድሮ በነበረበት ቦታ ይቀመጥልኝ» አለች። «ናዝራዊት፣ እንደ ቀረጻ ቁጠሪልኝ።»

ሰርኬና ኪዳን ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ በመሃላቸው የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ቀረ። ቀለመወርቅ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመ። ዋጋነሽ ከናዝራዊት ዕቃዎች መካከል ያው ጽሑፍ ያለበትን ሌላ ባዶ ኩባያ አንስታ፣ ጽሑፉን ወደ ሶፋው አዙራ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሦስት…» አለች ናዝራዊት። «ሁለት…»

ቀለበት ያጠለቀው የቀለመወርቅ እጅ ተዘረጋ። ኩባያውን በሁለት ጣቶቹ ይዞ በቀስታ አዞረው፤ «ፏ በል ሳሙና» ወደ በሩ፣ ካሜራ ወደሌለበት ወደ ባዶው ግድግዳ ዞረ። እጁን ሲመልስ ሁሉም እያየው ነበር። ያደረገውን በመጨረሻ ያስተዋለው እሱ ራሱ ነው።

«አመሰግናለሁ ጋሽ ቀለመወርቅ» አለች ዋጋነሽ። «እንግዲህ ልናገር። ሟቹ ሻዩን ጨርሷል፤ ቀረጻው ላይ አይቻለሁ። እርስዎ ‹ሳይቀምሰው› አሉኝ። ሬሳው አጠገብ ያገኘሁት ግን ሙሉ ኩባያ ነው። የሞተ ሰው ሻይ አይቀዳም። ስለዚህ በጨለማው አንድ ሰው ተመልሶ ገብቷል፤ መርዙን ከኩባያው አጥቧል፣ ንጹሕ ሻይ ሞልቷል፣ ልቡ ቀጥ ያለበት ሊያስመስል።»

«ማንም ሊሆን ይችላል!»

«ይችል ነበር። ኩባያውን ባያዞረው። የናዝራዊት ሠራተኞች ቢሆኑ ወደ መስኮቱ ያዞሩታል፤ ካሜራው እዚያ ነው። ወደ በሩ የሚያዞረው የድሮ ሰው ብቻ ነው።»

«ሰርኬም የድሮ ሰው ናት!» ብሎ ጮኸ ቀለመወርቅ።

«እማማ፣ ኩባያውን አዙረው ያውቃሉ?»

«እኔ?» አለች ሰርኬ። «ማን ያስነካናል! ‹ስፖንሰሩ ይቆጣል፣ የካሜራውን አንግል አታውቁትም› እያለ ራሱ ነበር የሚያዞረው። አንዴ ነክቼው ስድቡን ጠጥቻለሁ።»

«አሥራ ሰባት ስህተት አየሁ» አለች ዋጋነሽ። «ተዋንያኑ በየጊዜው ሌላ ነገር ይሳሳታሉ። ዳግም ከመቀረጹ በፊት ግን ሁልጊዜ አንድ እጅ ይገባና ኩባያውን ያዞራል። ጣቱ ላይ ይቺ ቀለበት አለች። ጋሽ ቀለመወርቅ፣ ሰው ገድለው እንኳ ስፖንሰሩን አልረሱትም። ማኑሄ፣ የኮቱን ኪስ።»

ማኑሄ ከኪሱ የረጠበ መሐረብ አወጣ። ኩባያው የተወለወለበት ነበር፤ ሐኪሙ አሽትቶ አፍንጫውን አዞረ።

«ለምን?» አለ ኪዳን፤ ድምፁ የስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ።

ዋጋነሽ ደብተሩን አውጥታ ሰርኬ ጭን ላይ አኖረችው። «ቦርሳውን በረበሩ፤ ሟቹ ግን ተቀምጦበት ነበር። ከሥሩ ለማየት ድፍረት አላገኙም።»

ሰርኬ ሽፋኑን በመዳፏ ዳሰሰችው። «የበየነ እጅ ነው» አለች። «ባሌ ማታ ማታ የተማሪ ፈተና አርሞ ሲጨርስ ይጽፈው የነበረ። ድንቅነሽን ያወጣት ከእኔ ነው። ሲሞት ይሄ ሰውዬ ‹አሳትምለታለሁ› ብሎ ወሰደና ስሙን ፍቆ የራሱን ጻፈበት። መዝገቡ ያውቅ ነበር። አንዱን ደብተር ደብቆ አስቀረ፤ እንጀራው እንዳይቋረጥ ግን ዝም አለ። ዛሬ ነበር የሚናገረው።»

«ሃያ ዓመት ዝም ብሎ ሲበላ ቆይቶ!» አለ ቀለመወርቅ። «ሽልማቴ አንድ ወር ሲቀረው ንስሐ መጣበት!» ከዚያ ምን እንዳለ ገባው።

ናዝራዊት ካሜራው ላይ ያለችውን ቀይ መብራት ጠቆመች። መቅረጹን አላቆመችም ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ካቴና ያጠለቀው ቀለመወርቅ ወጣ፤ ሕዝቡ አንገቱን አስግጎ ከኋላው ሌላ ሰው ፈለገ። ማንነቱን ያወቀ አልነበረም። ከዚያ ሰርኬ ደብተሩን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች።

«ያቻት! እትዬ ድንቅነሽ!» ብሎ ጮኸ የታክሲ ረዳቱ። «ጋሽ ደሜን ለምን ገደሏቸው?»

ማኑሄ በመሃል ገባ። ሠላምታ ሰጥቶ የመኪናውን የፊት በር ከፈተላት፤ «ቤትዎ ላድርስዎት፣ እትዬ…» ብሎ ምላሱ ላይ የመጣውን ስም ዋጠው።

ሰርኬ ወደ መኪናው አልገባችም። ወደ ረዳቱ ዞረች።

«ሰርኬ እባላለሁ ልጄ» አለችው። «የበየነ ሚስት ነኝ።»

«በየነ ማን ነው?» አለ ረዳቱ። ስሙን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።