የኮሪደር ሰባት ማሠራጫ

ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ፣ በሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ ክፍል ሰባት ውስጥ፣ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ደረታቸው ላይ የተለጠፈው መሣሪያ ልባቸው ሲዛባ በዋይፋይ ወደ ነርሶች ጠረጴዛ ጥሪ መላክ ነበረበት። ዘጠኝ ከአሥራ አንድ ላይ መጣራት ጀምሯል፤ መሣሪያው ራሱ መዝግቦታል። ጠረጴዛው ላይ ግን ድምፅ የሚባል ነገር አልተሰማም። ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው የዋይፋይ ማሠራጫ ደግሞ ገና ማክሰኞ የተተከለ አዲስ ዕቃ ነው።

ሰኞ ጠዋት መርማሪዋ ሲመጡ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር በር ላይ ተቀበሏቸው። ዶክተሩ የግዢውን ደብዳቤ በግራ እጃቸው ዘረጉላቸው፤ አውራ ጣታቸው በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ። «ዕቃውን የመረጠው የኔትወርክ ሠራተኛችን ነው። ምድር ቤት ያገኙታል።»

ሠራተኛው ከቁመቱና ከቅጥነቱ የተነሳ «አንቴና» ነው የሚባለው። ከቅዳሜ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም። መምህሩ በልጅነቱ ያስተማሩት ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ስም ሲጠራ ለቀረ ጓደኛው «አቤት» ቢል፣ ቀና ብለው ፊቱን አዩትና ምንም ሳይናገሩ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ አላታለላቸውም። አሁን እኚህን ሰው እጄ ገደላቸው ብሎ አምኗል።

መርማሪዋ ሃምሳን የተሻገሩ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እኔ ስልኬን እንኳ የሚያስተካክልልኝ የልጄ ልጅ ነው። ቀስ ብለህ አስረዳኝ።»

«ይህ ሳጥን ኮንትሮለር ይባላል» አለ አንቴና። «በየፎቁ የተሰቀሉትን ማሠራጫዎች የሚያዛቸው እሱ ነው። እሱ ያልመዘገበው ማሠራጫ ቢበራም አይሠራም። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እኔ ‹ሽማግሌው› እለዋለሁ። ይቀየርልኝ ብዬ ጽፌ ለከርሞ ተባልኩ።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ አዲሶቹ ማሠራጫዎች ለሽማግሌው የሚስማሙ መሆን ነበረባቸው። የዘንድሮውን ሞዴል ጭራሽ አያውቀውም። የድሮው መመረት አቁሟል። መሃለኛውን ግን፣ የሽማግሌው ሶፍትዌር እስከ መጨረሻው ከታደሰ ይቀበለዋል ይላል የአምራቹ ሠንጠረዥ። ያንን ሠንጠረዥ ሦስት ሳምንት ሳገላብጥ ከረምኩ። ሶፍትዌሩን አደስኩ፤ አሥራ አንዱንም ተከልኩ።»

«ደብዳቤው አሥራ ሁለት ይላል።»

«አንዱ ለዶክተር ቢሮ ነበር። ‹የትናንት ዕቃ ቢሮዬ አይገባም፣ የዘንድሮውን አምጣ› አሉ። ሽማግሌው አያውቀውም ብላቸው ግትር አሉኝ። እንዲሁ ቀረ።»

ከዚያ መዝገቡን ስክሪኑ ላይ ከፈተ። «ኮሪደር ሰባት» የተባለው ማሠራጫ ቅዳሜ ስምንት ከሃምሳ ላይ ጠፍቷል፣ ስምንት ከሃምሳ ስድስት ተመልሷል። እንደገና አሥር ከአሥራ ሁለት ጠፍቶ አሥር ከአሥራ ስምንት ተመልሷል።

«ይኸው። ይጠፋል፣ ይመለሳል። ከሽማግሌው ጋር አልተስማማም። የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«በራስህ ላይ ለመፍረድ አትቸኩል። መምህሩ ሲጣሩ ዘጠኝ ከአሥራ አንድ ነበር። ያኔ ጠፍቶ ነበር?»

አንቴና ስክሪኑን ደጋግሞ አየ። «አይ፤ ነበረ።»

«እያለ ጥሪውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የማይስማማ ዕቃ ጠባዩ እንዴት ነው?»

«መጀመሪያውኑ አይመዘገብም።»

«ይህኛው ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ስንቴ ጠፋ?»

«አንዴም።»

መርማሪዋ ደብተራቸው ላይ ጫሩ። «ስለ እነዚህ ዕቃዎች መጥቶ የጠየቀህ ሰው ነበር?»

ማክሰኞ ዕለት መሰላል ላይ ቆሞ የተናገረው ነገር ትዝ አለው። «የለም» አለ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ለምን እንደዋሸ ለራሱም ግራ ገባው።

ሁለተኛ ፎቅ ሲወጡ ዋናዋ ነርስ ዓይኗ አብጦ ጠበቀቻቸው።

«ከስምንት ተኩል ጀምሮ መድኃኒት ክፍል ነበርኩ» አለች። «ጠረጴዛው ደጃፌ ላይ ነው፤ ቢጮህ እሰማለሁ። ዘጠኝ ከአርባ ላይ በሽተኞቼን ልዞር ስገባ... ቀደም ብዬ ብዞር ኖሮ።»

«ከዚያስ ሲስተር?»

«ተረኛው ሐኪም አረጋገጠ። አሥር ሰዓት ላይ ለዶክተር ደወልኩላቸውና አስከሬኑን ይዘን ወረድን። ፎቁ ላይ ሰው አልቀረም።»

የጥገናው ሠራተኛ አጭርና ድንቡሽቡሽ ነው፤ «ብሎን» ይሉታል። ቅዳሜ ኮሪደሩ ላይ አምፖል ሲቀይር ውሏል።

«መሰላሉን የት አደረግኸው?»

«ስምንት ተኩል ላይ እዚሁ ትቼው ምሳ ሄድኩ። እኔ ከሰው ሁሉ እጣላለሁ፣ ከሆዴ ግን አልጣላም» አለና በቀልዱ ወዲያው አፈረ። «ስመለስ አንድ ክንድ ያህል ተገፍቶ አገኘሁት። ሲስተር ናት ብዬ ተውኩት፤ አስከሬኑን ላወርድ ስሄድም እዚያው ቆሞ ነበር።»

«እኔ? ወንበር ላይ መቆም የሚያዞረኝ ሴት?» አለች ነርሷ።

መርማሪዋ መነጽራቸውን አድርገው ጣሪያውን ቃኙ። «አንቴና፣ ያቺ ሰማያዊ መብራት ወደየት ነው የምታየው?»

«ወደ ደረጃው። ሁሌም ወደ ደረጃው አድርጌ ነው የምሰቅለው፤ ስወጣ ከሩቅ እንዳያት።» ቀና ብሎ ሲያይ ግን መብራቷ ወደ መስኮቱ ዞራለች። «እንዲህ አድርጌ አልሰቀልኩትም።»

«እጅህ ላይ ያለው ጠባሳስ?»

«የማቀፊያው ብረት ነው፤ ጠርዙ ስለት አለው። አመሉን ሳያውቅ የነቀለ ሰው ግራ አውራ ጣቱን ሳይቆረጥ አይወርድም። የሙያችን ማኅተም ነው።»

መርማሪዋ ብቻቸውን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው ከዶክተሩ ጸሐፊ ጋር ትንሽ ተጫወቱ። ቅዳሜም ትሠሪያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት።

«ዶክተር ከዘጠኝ እስከ አሥር የቪዲዮ ስብሰባ ነበራቸው» አለች ልጅቷ። «የኛ ቢሮ ኢንተርኔት እኮ ሁልጊዜ እየተቆራረጠ ያሳቅቀናል። ቅዳሜ ግን ተመስገን ነው፣ እንደ ቴሌቪዥን ጥርት ብሎ አለቀ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ስብሰባ አዳራሽ ተጠሩ። ጥቁር የለበሰችው የመምህሩ ልጅ አንቴና ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ እሱ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«ይህን ያህል ማንዛዛት ለምን አስፈለገ?» አሉ ዶክተሩ። «የማይስማማ ዕቃ ተገዛ፣ ሰው ሞተ። የዘንድሮውን ግዛ ብዬው ነበር።»

«ዕቃው ተስማምቷል» አሉ መርማሪዋ። «ባይስማማ ኖሮ ማክሰኞውኑ አይመዘገብም ነበር። አራት ቀን ሲሠራ የቆየ ዕቃ ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ብቻ ጠፋ፤ ሁለቱም ልክ ስድስት ስድስት ደቂቃ። አንቴና፣ ከተሰካ በኋላ ሥራ ለመጀመር ስንት ደቂቃ ይወስድበታል?»

«አራት።»

«ሁለቱ ደቂቃ አንድ ፎቅ ለመውጣት ይበቃል። አሁን ዋናውን ልጠይቅህ። ሽማግሌው ማሠራጫውን በምን ያውቀዋል?»

«በቁጥሩ። በስሙ በሉት።»

«የት እንደተሰካስ ያሳያል?»

ይህን አንቴና ራሱ ነበር ቀድሞ ማወቅ የነበረበት፤ ጸጸቱ ዓይኑን ጋርዶበታል። «አያሳይም» አለ። «ማን እንደሆነ እንጂ የት እንዳለ አያውቅም።»

«ስለዚህ ነገሩ እንደ ተማሪ ስም ጥሪ ነው። ሽማግሌው ‹ኮሪደር ሰባት› ብሎ ጠራ፤ ማሠራጫው ‹አቤት› አለ። አቤት ያለው ግን ከሌላ ክፍል ሆኖ ነው። ስምንት ከሃምሳ ላይ ሲስተር መድኃኒት ክፍል ናት፣ ብሎን ምሳ ላይ ነው፣ መሰላሉ ቆሟል። አንድ ሰው ወጥቶ ማሠራጫውን ነቀለና ከላይ ፎቅ ሰካው። ክፍል ሰባት ያለ ዋይፋይ ቀረ። መምህሩ ሲጣሩ የሚሰማቸው አልነበረም። አሥር ሰዓት ላይ መሞታቸው ተነገረ፤ አስከሬኑ ሲወርድ ፎቁ ባዶ ሆነ። ማሠራጫው አሥር ከአሥራ ሁለት ላይ ከላይ ተነቅሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። መላሹ ግን ባለሙያው መብራቱን ወደየት እንደሚያዞር አያውቅም።»

መርማሪዋ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢንተርኔት የቸገረው ማን ነበር? ሁልጊዜ የሚቆራረጥበት ቢሮ ቅዳሜ ለምን አልተቆራረጠበትም? ዶክተር፣ ያን ፕላስተር ቢፈቱልን የብረቱን ጠርዝ የምናይ ይመስለኛል።»

ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። ዶክተሩ እጃቸውን ከጠረጴዛው በታች ሸሸጉ።

«ለአንድ ሰዓት ብቻ ነበር። የተኛ በሽተኛ ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል አልኩ። ጥሪው በዚያ እንደሚያልፍ አልመጣልኝም።»

«አሥር ሰዓት ላይ ግን መጣልዎት። ለዚህ ነው መሰላል የወጡት። ከዚያም ሁለት ቀን ሙሉ ይህ ሰው በእርስዎ ጥፋት ሲቃጠል ቆመው አዩ።»

ዶክተሩ እጃቸውን አውጥተው ፕላስተሩን ፈቱ።

«አንድ ነገር ይቀረኛል» አሉ መርማሪዋ፤ ዓይናቸው ከዶክተሩ ወደ አንቴና ዞረ። «ሐኪም ሰው፣ ዕቃው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ቢሰካ እንደሚሠራ በምን አወቁ?»

አንቴና ዝም ቢል ማንም አይነካውም ነበር። ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አለ። «ማክሰኞ ስተክል መሰላሉ ሥር ቆመው ጠየቁኝ። ዕቃዬን ስላጣጣሉብኝ ተናድጄ ነበር። ‹ሕንፃው ውስጥ የትም ይሰካ ሽማግሌው ያውቀዋል› ብዬ ጎረርኩ። ክፍል ሰባት በዚህ እንደሚጣራ ግን አልነገርኳቸውም። ጠዋት እርስዎ ሲጠይቁኝም ዋሸሁ።»

«መዋሸትህን አውቄያለሁ፤ ራስህ እስክትናገር ነው የጠበቅኩህ» አሉ መርማሪዋ። «በሕግ አያስጠይቅህም።»

«በሕግስ ላያስጠይቀኝ ይችላል» አለና ወደ መምህሩ ልጅ ዞረ። «ይቅር በይኝ እህቴ።»

ልጅቷ እጇን አሻሸች።

«አባዬ ስም ሲጠራ ድምፅ አያምንም ነበር» አለች። «ቀና ብሎ ፊት ያያል።»

ይቅር ማለቷ ይሁን መውቀሷ አንቴና ለመጠየቅ አልደፈረም። ወደ ምድር ቤቱ ስክሪን አልተመለሰም፤ በየፎቁ እየወጣ አሥራ አንዱንም ማሠራጫ አንድ በአንድ በዓይኑ አየ። ኮሪደር ሰባት ሲደርስ መሰላሉን አቆመና መብራቷን ወደ ደረጃው አዞራት። ክፍል ሰባት በሩ ተከፍቶ ነርሷ ለሚመጣው በሽተኛ አንሶላ ታነጥፍ ነበር። አንቴና ደረጃውን ግማሽ ድረስ ወርዶ ዞረና ቀና ብሎ መብራቷን አየ።