እንሰቷ የት ትደር?

«ምን አሉሽ?» አለች እትዬ ባንቺአየሁ፣ አፈር የነካው እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

ትህትና ወደ አጥሩ ተመለከተች። ሰፈሩ ሁሉ «ጎጎ»፣ ማለትም አያት፣ የሚላቸው ጎረቤታቸው ከአጥሩ ማዶ የሎሚ ችግኛቸውን በጆንያ እየጠቀለሉ ነው። ነጭ ሽንኩርታቸውን ለፀደይ ቀብረው ደረቅ ቅጠል አልብሰው ጨርሰዋል። በእንግሊዝኛ ያሉት ግልጽ ነበር፦ ዛሬ ማታ ውርጭ ይወርዳል፣ ያቺ ተክላችሁ ሜዳ ላይ ካደረች ትሞታለች።

«ተክልሽ ታምራለች ነው ያሉት።»

የእትዬ ፊት በራ። «ሳውቦና፣ ጎጎ!» ብላ እጇን አወዛወዘች። ከዙሉ የምታውቀው ሰላምታውን ብቻ ስለሆነ ለምስጋናም ለስንብትም እሱኑ ነው የምትጠቀመው።

እትዬ የትህትና አክስት፣ የአባቷ እህት ናት። በየካቲት ከሆሳዕና ከመጣች ጀምሮ የትህትና ክፍል የሁለት ሰው ሆኗል። ታንኮራፋለች፤ ጎህ ሳይቀድም ተነስታ ትጸልያለች። ትህትና ለአባቷ «የራሴ ሩም ያስፈልገኛል!» ብላ ጮሃ ነበር። አባቷም «እህቴ የት ትደርልሽ? ቴምቢሳ ያለው ሱቄ ውስጥ?» አላት። ግድግዳው ስስ ነው፣ እትዬ ሳትሰማ አልቀረችም። ከዚያ ወዲህ የታጠበ ሳህን ደግማ የምታጥብ ዝምተኛ ሆና ሰነበተች።

ባለፈው ቅዳሜ ግን አባቷ ከችግኝ ሻጭ አንዲት እንሰት ገዝቶ መጣ። ሻጩ «የዱር ሙዝ» ነበር ያላት። እትዬ እንደ ልጅ ዘለለች። «እንሰት የሴት ናት፣ ወግድ!» ብላ ወንድሟን ከጓሮ አባረረችውና መቆፈር ጀመረች። ግንቦት በአገሯ ምድሩ የሚረሰርስበት ጊዜ ነው፤ እዚህ ግን የደረቁ ብርድ መግቢያ ነው።

«ትህትናዬ፣ ዝናቡ ደርሷል አይደል?»

«አዎ፣ እየመጣ ነው» ብላ ነበር ትህትና፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

አሁን ያ መልስ ትዝ አላት። ለጓደኛዋ ለሮቢ በዋትስአፕ ነገረቻት።

«ቺል በይ» ስትል መለሰችላት ሮቢ። «ነገ ብትሞት ውርጭ ገደላት ትያለሽ። አስቀድመሽ ማወቅሽን ማን ያውቃል?»

ትህትና በመስኮት አየች። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። እትዬ እንሰቷ አጠገብ ቁጢጥ ብላ በሀዲይኛ ታወራታለች፣ ትስቃለችም። ትህትና በራሷ አፈረች። ስልኳን አልጋው ላይ ወርውራ ወጣች።

«እትዬ፣ ጎጎ ያሉት እሱን አይደለም። ዛሬ ውርጭ አለ። ሜዳ ላይ ካደረች ትሞታለች።»

እትዬ ቀና አለች። «ዝናቡስ?»

«እስከ ጥቅምት የለም። ያን ቀን ሳልሰማሽ ነው ዝም ብዬ የመለስኩልሽ። ይቅርታ።»

እትዬ ደመና የሌለበትን ሰማይ አየች። «እኔም ሰማዩ ግራ ገብቶኝ ነበር» አለች። «ግን አገሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ ብዬ አመንኩሽ።»

ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ትህትና እንባዋ መጣ።

«በይ አታልቅሺ፣ ባልዲ አምጪ። እንሰት እንደሆነች መነቀል ልማዷ ነው። እኛ ጋ ሦስቴም አራቴም ቦታ ትቀይራለች፤ የምትወፍረውም እንደዚያ ነው።»

ሥሯን ከነአፈሩ አውጥተው ባልዲ ውስጥ ተከሏትና ለሁለት ተሸክመው በሩ ጋ ደረሱ። እትዬ እዚያ ቆመች። ኩሽናው ጠባብ ነው፣ ሳሎኑ ደግሞ በሱቁ ካርቶን ተሞልቷል። ስለ መኝታ ክፍሉ ግን ምንም አላለችም።

«የት ትደር?» አለች ቀስ ብላ።

ትህትና ገብታ ከመስኮቱ ሥር ያለውን የማጥኛ ጠረጴዛዋን ወደ ግድግዳው ትገፋ ጀመር።

«ክፍሉ ይጠብሻል እኮ» አለች እትዬ፣ አሁንም በሩ ላይ ቆማ።

«ይበቃናል» አለች ትህትና። «ባልዲውን በዚያ በኩል ያዢልኝ።»