ፊታቸውን ያዞሩት እንስሳት

ይህን ታሪክ ለማመን የሚቸገር ሰው ካለ አልፈርድበትም። እኔም ፎቶዎቹ በእጄ ባይኖሩ ኖሮ "ፀሐይ መትቶህ ነው" ብዬ ለራሴ እተወው ነበር።

ግን ደርሶብኛል። ከሁለት ወር በፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ደን ውስጥ።

ጨለማ አልነበረም። ብቻዬንም አልነበርኩም።

ሥራዬ የዱር እንስሳትን ፎቶ ማንሳት ነው። ለሚሰማው ሰው የሽርሽር ሥራ ይመስላል። እውነቱ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ለትንኝ ቀለብ ሆኖ መቀመጥ ነው። ዕድለኛ ከሆንክ በመጨረሻዋ ደቂቃ አንዲት ወፍ ትመጣለች።

ከቢሮ የተላክነው ሁለት ነበርን። እኔና ታናሽ እህቴ። እሷ የዕፅዋት ባለሙያ ናት፤ ቢሮ ውስጥ በቀልድ "ቅጠል በጣሿ" ይሏታል። እዚያ ስንደርስ የአካባቢው ጥበቃ ተጨመሩልን። ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ጋሼ ነበር የምንላቸው።

ቦታው ሦስት ዓይነት ነው። ረግረግ አለው፣ የድንጋይ ገደል አለው፣ ደን አለው። በሦስቱም ውስጥ የሚኖረውን ፍጥረት እያነሳን በሁለት ሳምንት ሪፖርት ማስገባት ነበረብን። አንድ ድንጋይ ፈላጭ ድርጅት መሬቱን ጠይቋል። ሪፖርቱ ካላሳመነ ረግረጉ ይደፈናል፣ ገደሉ በፈንጂ ይናዳል፣ ደኑ ይመነጠራል።

አለቃችን ሲሸኘን አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ነገረኝ። የሚወስኑት ሰዎች ጽሑፍ አያነቡም፤ የእንስሳ ዓይን ማየት አለባቸው።

ዓይን...

በመጀመሪያው ሳምንት አንድም ዓይን አላገኘሁም።

ረግረጉ ውስጥ ዳክዬው በሽ ነው። ሽመላው፣ እንቁራሪቱ፣ ቢራቢሮው... ምን ጎድሎ። ግን ካሜራውን ደቅኜ ስጠብቅ ሁሉም ጀርባቸውን ይሰጡኛል። ዞሬ በሌላ በኩል ልቀድማቸው እሞክራለሁ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ እየዋጠኝ፣ ካሜራውን በራሴ ላይ ተሸክሜ፣ ስደርስ ወይ ይበርራሉ ወይ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ተመልሼ ስቀመጥ ይመጡና እንደገና ጀርባቸውን!

ማታ ማታ ፎቶዎቹን ስናይ እህቴ በሳቅ ትሞታለች።

"አልሸሹም ዞር አሉ" አለችኝ አንድ ቀን፣ የአንዱን ዳክዬ ጭራ እያጎላች።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ደሜ ፈልቷል። ለአለቃዬ የተወሰኑትን ስልክለት ደወለና የመቀመጫ ኤግዚቢሽን ነው ወይ የምታዘጋጀው አለኝ።

በስምንተኛው ቀን እህቴ መሳቋን አቆመች።

ማለዳ ላይ የምትለካውን ሳር ትታ እኔ ወዳለሁበት መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። እንቁራሪቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። አሥራ ሰባት ነበሩ። በአሥራ ሰባት የተለያዩ ቅጠሎች ላይ።

ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረዋል።

ዳክዬዎቹም ወደዚያው። ሽመላውም ወደዚያው።

"ካንተ አይደለም የሚዞሩት" አለችኝ ቀስ ብላ። "ወደ ሆነ ነገር ነው የሚዞሩት።"

ነፋስ ነው አልኳት። ነፋስ የለም አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሸምበቆው ንቅንቅ አይልም ነበር።

ከዚያ ያየችውን አሳየችኝ። በረግረጉ ዳር ቢጫ አበቦች አሉ፣ ፀሐይ ተከትለው የሚዞሩ። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ፀሐይዋ በስተቀኛችን ነበረች...

አበቦቹ በስተግራ ዞረዋል።

እህቴ ነገርን አንጠልጥላ የምትተው ሰው አይደለችም። በዚያን ቀን ረግረጉን በሦስት ቦታ ዞራ፣ እንስሳቱ የሚያዩበትን አቅጣጫ በስልኳ እየለካች ካርታው ላይ በማስመሪያ አሰመረችው። ሦስቱ መስመሮች አንድ ነጥብ ላይ ተገናኙ። ከእኛ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ካርታው ላይ እዚያ ምንም የለም። ባዶ ሜዳ ነው።

በማግስቱ ወደ ገደሉ ተዛወርን። በቢሮው መኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ደስ አለኝ፤ ረግረጉ ውስጥ ያለው ጣጣ እዚያው ይቅር ብዬ።

ሽኮኮዎቹ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ጀርባቸውን ሰጥተው።

የያዝኩትን የባትሪ ቦርሳ መሬት ላይ ወረወርኩት። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው በዚህ ሥራ። እባብ ከአንድ ክንድ ርቀት አንስቻለሁ። ሽኮኮ እምቢ ይበለኝ?

እህቴ መስመሯን አሰመረች። ነጥቡ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ሆነ። ግን የድሮው ቦታ አልነበረም። እኛ ቦታ ስንቀይር... እሱም ቀይሯል።

በማግስቱ አራት። ከዚያ ሦስት ተኩል።

ያን ዕለት ጋሼ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያዩን ነበር። ማስመሪያውን፣ ካርታውን፣ መስመሮቹን። ሄጄ ጠየቅኳቸው። ጥያቄ ሳይሆን ንዴት ነበር ከአፌ የወጣው። እርስዎ እዚህ ኖረዋል፣ ምንድን ነው እነዚህን እንስሳት የነካቸው፣ ለምን አይነግሩንም አልኳቸው።

ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ልጄ፣ ከብት በረት ውስጥ ሆኖ ወዴት ነው የሚዞረው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

"ጌታው በሚመጣበት በኩል።"

ሌላ ምንም አላሉኝም። ብለምንም፣ ብቆጣም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

እህቴ እንመለስ አለች። እኔ እምቢ አልኩ። ይህን ሳልደብቅ ልናገር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሪፖርቱ ዓርብ ይገባል፣ ለደኑ የቀረን ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ ባዶ እጄን ብመለስ ያ ሁሉ ቦታ ድንጋይ ፈላጭ ይበላዋል። ግን እሱ ብቻ አልነበረም። እልህ ይዞኝ ነበር። አንድ... አንድ ፍጥረት ፊቱን ሳያሳየኝ ወዴት እሄዳለሁ?

ረቡዕ ደኑ ገባን።

መኪናውን ከደኑ ዳር አቁመን ሩብ ሰዓት በእግር ተጓዝን። ዛፎቹ መሃል ትንሽ ገላጣ ቦታ አለች። ከገላጣዋ ዳር አረንጓዴ ሸራ ወጥረን መደበቂያችንን ሠራን። በፊት በኩል ሌንሱ የሚወጣበት ቀዳዳ አለው፣ ከኋላ ድፍን ነው። እኔና እህቴ ውስጥ ተቀመጥን። ጋሼ በስተጎን ከአንድ ዛፍ ሥር ቆሙ።

ከላይ ጦጣዎች ነበሩ። ሲመጡ እንደለመዱት ጀርባቸውን ሰጡን። ሰዓቴን አየሁ። ሰባት ሰዓት ተኩል።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ ጦጣዎቹ በጎን ዞሩ።

ሁሉም... አንድ ላይ... ቀስ ብለው። የሰዓት ዘንግ እንደሚዞረው።

እህቴ ካርታዋን አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መስመር ማስመር የሚያስፈልግ አልነበረም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ወፎቹ ዝም አሉ። ጥንዚዛው ዝም አለ። የራሴን ዓይን ሽፋሽፍት ድምፅ የምሰማ እስኪመስለኝ ድረስ።

ጦጣዎቹ ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

ከዚያ አንዲት ድኩላ ከዛፎቹ መሃል ወጥታ ገላጣዋ ላይ ቆመች። ፊት ለፊት። ዓይኗ ሌንሴ ውስጥ ሞላ። ከኋላዋ ነብር መጣ። አዎ ነብር... መጥቶ አጠገቧ ቆመ። በመካከላቸው አንድ ክንድ አይሞላም። እሷም አልደነገጠች፣ እሱም ዞር ብሎ አላያት።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አነሳሁ። እጄ ቁልፉ ላይ ተጣብቆ አነሳሁ። ሁለት ሳምንት የቆየ ንዴት በአንድ ጊዜ ከደረቴ ወረደ። ድኩላዋን፣ ነብሩን፣ ጦጣዎቹን፣ ከቅጠሉ ሥር የወጣውን እስስት ሳይቀር። ሁሉም ወደ እኔ! አርባ፣ ሃምሳ ፎቶ... እየሳቅኩ ነበር መሰለኝ።

እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

"እኛን አይደለም" አለች በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"የሚያዩት። ዓይናቸውን እየው... ከፍ ብሏል።"

በሌንሱ አየሁ።

ነብሩ አንገቱን ቀና አድርጓል። ቁመቱ ረጅም የሆነ ሰው አጠገብህ ሲቆም ፊቱን ለማየት ቀና እንደምትለው። ሁሉም እንደዚያ ቀና ብለዋል። የሚያዩት ከጭንቅላታችን በላይ... ከኋላችን ያለውን ነው።

ያን ጊዜ የኋላው ሸራ ወደ ውስጥ ገባ።

ነፋስ እንደሚገፋው አይደለም። ሰው ሲደገፈው እንደሚሆነው። በዝግታ፣ እስኪነካኝ ድረስ። ጀርባዬ ላይ አረፈ። ሞቃት ነበር።

ድኩላዋ አንገቷን ደፋች። ነብሩም ደፋ።

"አትዙሩ።" የጋሼ ድምፅ ነው፣ ከጎን በኩል። "ተነሱ። በፊት በኩል ውጡ። አትሩጡ።"

ካሜራውን እንዴት እንደያዝኩ አላውቅም። ሸራውን ቀድደን በፊት በኩል ወጣን። ከእንስሳቱ ሌላ መንገድ አልነበረንም፣ በመሃላቸው ነበር ማለፍ። የነብሩ ጎን ሱሪዬን ነካው። ዓይኑን እንኳ አላነሳም። እህቴ እጄን ይዛ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የምትለው አይሰማኝም።

ጋሼ ከኋላችን ይከተሉናል። የእሳቸውን ከዘራ እሰማለሁ። ከከዘራው ኋላ ደግሞ ቅርንጫፍ ሲሰበር እሰማለሁ። ከላይ ነው የሚሰበረው። ከዛፎቹ አናት።

መኪናው ጋ ደረስን። እህቴ ከፊት ገባች፣ እኔ መሪው ጋ። የቁልፉን ቀዳዳ ሦስት ጊዜ ሳትኩት።

ጋሼ የኋላውን በር በቀኝ በኩል ከፈቱ።

አልገቡም።

ከፍተው፣ በሩን ይዘው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ለታላቅ ሰው በር እንደሚከፈተው። መሬት መሬቱን እያዩ ጠበቁ...

መኪናው በኋላ በቀኝ በኩል ዝቅ አለ። ዝ...ቅ። ብረቱ ሲያቃስት ሰማሁት።

ከዚያ ጋሼ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

"ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ" አልኩ።

በመስኮቱ አዩኝ። ከዚያ በፊት ዓይን ለዓይን አይተውኝ አያውቁም ነበር።

"ቦታ የለም ልጄ። ቀስ ብለህ ንዳ።"

እህቴ ከፊታችን ያለውን የኋላ ማሳያ መስታወት ወደ ጣሪያው አዞረችው። አራት ሰዓት ሙሉ ነዳሁ። ቢሮው ግቢ ስንደርስ መኪናውን እንዳቆምን ወርደን ሄድን፣ ቁልፉን እንኳ ላዩ ላይ ትቼ።

ሪፖርቱ ዓርብ ገባ። አለቃዬ ፎቶዎቹን ሲያይ ከወንበሩ ተነስቶ አቀፈኝ። ነብርና ድኩላ ጎን ለጎን፣ ዓይናቸው ቀና ብሎ... የሽፋን ፎቶ ሆነ። ድንጋይ ፈላጩ ተከለከለ። መሬቱ ተረፈ። ምን እያዩ እንደሆነ ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ለአለቃዬ ልነግረው ሞከርኩ፣ ደክሞሃል ብሎ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ሰጠኝ።

ለጋሼ ደወልኩላቸው። ልቆጣቸው ነበር የደወልኩት። ሸክምዎን በእኔና በእህቴ ላይ አራገፉ ልላቸው። ስልኩን ሲያነሱ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለኝ፣ የቀለለው ሰው ድምፅ። እንስሳቱስ አልኳቸው።

"አሁን ወደፈለጉበት ያያሉ" አሉኝ። "እግዜር ይስጥህ ልጄ።"

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል?

መኪናው ከዚያን ቀን ጀምሮ ግቢው ጥግ እንደቆመ ነው። ወደ ኋላ፣ በቀኝ በኩል ተዘንብሏል። መካኒኩ ባሌስትራው፣ ክብደቱን የሚሸከመው ብረት፣ ነው ብሎ ቀየረው። አልተቃናም። ሌላ ቀየረ። አልተቃናም። በመጨረሻ ተበሳጭቶ ይህ መኪና ባዶውን እንደተጫነ ነው ብሎ ትቶት ሄደ። እህቴ ሥራዋን ከቤት ሆና ነው የምትሠራው፤ ግቢውን አትረግጥም።

እኔ እገባለሁ። በየቀኑ በዚያ በኩል ሳልፍ ተዘንብሎ ሳየው፣ ይግረማችሁና፣ እረጋጋለሁ። እዚያው ነው እላለሁ።

ትናንት ከምሳ ስመለስ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ እንደ ልማዴ ዞር ብዬ አየሁት።

መኪናው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ምንም አልተዘነበለም።

የኋላው በር... ወለል ብሎ ተከፍቷል።